አነበብኩት፤ ግን አልገባኝም



ባለፈው ዓመት ለባለትዳሮች በተዘጋጀ የሦስት ቀን ትምህርት ላይ ለማገልገል ወደ አሶሳ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጉባኤው ለሻይ ሲበተን አንድ ባልና ሚስት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ሁለቱም ነገሩን መጀመር ከብዷቸው መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ሚስትየዋ፣ «የሚያጣላን ልጃችን ነው» አለችኝ። ታሪካቸውን የማካፍላችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ስማቸውንም ትቼ ነው።

ቤተሰቡ የሽናሻ ተወላጅ ነው። አባት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ በሥራ ዝውውር ከመተከል ወደ አሶሳ ከመጡ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። የበኩር ልጃቸው በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ስላላመጣ ሬሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተምሮ፣ እንደምንም ተሻግሮ፣ ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ግን ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ውጤቱ ስላልበቃ «ዲስሚስ» ተደርጓል።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። አባት፣ «ጫት ጀምሮ ይሆናል፤ አለዚያ ሴት ይዞ ነው» ብሎ ደመደመና ልጁን ማነጋገር ተወ። እናት፣ «ልጄ ሌሊት ሲያጠና ነው የኖረው» ብላ ተከራከረች። ባል፣ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ሲል ሚስት፣ «አንተስ መቼ ደብተሩን ገልጠህ አይተህ ታውቃለህ?» ብላ መለሰች። ከጎረቤት፣ ከዘመድ፣ ከጸሎት ቡድንም አስተያየት መጣ። አንዱ ስንፍና ነው አለ፤ ሌላው ክፉ መንፈስ ነው አለ። ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ለሁለት ወር ያህል በቅጡ ሳይነጋገሩ ቆዩ።

እኔም መልስ አልነበረኝም። «ነገ ልጁን ይዛችሁት ኑ፤ ከሚማርባቸው ወረቀቶችም አንዱን ይያዝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ልጁ የባዮሎጂ ሀንድአውት ይዞ መጣ። ቁጭ ካልን በኋላ አንድ ገጽ ከፍቼ፣ «እስቲ ይህቺን አንቀጽ አንብብልኝ» አልኩት። አነበበ። አነባበቡ ጥሩ ነበር፤ ቃላቱን አይስትም፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የአባትየው ፊት ትንሽ ፈካ አለ። ከዚያ፣ «አሁን ወረቀቱን ገልብጠውና ያነበብከውን በአማርኛ ንገረኝ፤ ከፈለግህም ለእናትህ በሽናሽኛ ንገራት» አልኩት።

ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ አነበብኩት እንጂ አልገባኝም። ሁልጊዜም እንዲህ ነው» አለኝ።

«ይህንን ለማን ነግረህ ታውቃለህ?»

«ለማንም። ከገጠር የመጣ ብለው እንዳይስቁብኝ ብዬ።»

«ታዲያ እስከ 12ኛ ክፍል እንዴት ደረስክ?»

«እየሸመደድኩ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን አልረሳውም። አባትየው አቀርቅሮ ቆየና፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ሌላ ሰው እስኪነግረኝ ድረስ ገብቶኝ እንደሆነ መስዬ ነው የምቀመጠው» አለው። ልጁን ካነጋገረው ሁለት ወር ያለፈው አባት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

ድምፅና ትርጉም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ጥምቀቱ ነው። እስቲ ዛሬ እንደ አንባቢ እንየው። ሰውዬው የተማረና የንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። በሠረገላው ላይ የያዘው ጥቅልል የተጻፈው የአገሩ ባልሆነ ቋንቋ ነው። ድምፁን አሰምቶ ያነብ ስለነበር ፊልጶስ ሰማው። ፊልጶስም ስለ አነባበቡ አላመሰገነውም፤ ያነበበውን ማስተዋሉን ጠየቀው። ያ ትልቅ ሹም «ገብቶኛል» ብሎ አልሸፈነም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው በግልጽ ተናገረ፤ ፊልጶስንም ወደ ሠረገላው አስወጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው።

እንግዲህ ድምፅ ማሰማት አንድ ነገር ነው፤ መረዳት ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ልጃችን እንግሊዝኛ «ጮክ ብሎ ሲያነብ» ሰምተን ረክተናል። ለእንግዳ ሰላምታ ሲሰጥም ደስ ብሎናል። ለረጅም ዓመታት በካናዳ ቶሮንቶ ያስተማረው ጂም ከሚንስ የተባለ ምሁር ይህንን ጉዳይ አጥንቶ የቋንቋ ችሎታን በሁለት ከፍሎታል። አንደኛው ለዕለት ጭውውት የሚበቃው ነው። ይህ ቋንቋው በሚነገርበት አገር ለሚኖር ልጅ እንኳ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። ሁለተኛው ለመማሪያ መጽሐፍና ለፈተና የሚያስፈልገው ነው፤ እርሱ ደግሞ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ የኢኮኖሚክስ ምዕራፍ አንብቦ ይረዳል ማለት አይደለም።

ለማን ስንተኛ ቋንቋው ነው?

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ክልል ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገውና ሌላውም ወገን አብሮ ይኖርበታል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። የመሸጋገሪያው ክፍል እንደየክልሉ ይለያያል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብዙዎቹ ተማሪዎች በአማርኛ ሲማሩ ቆይተው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ ነበር። የበርታ፣ የጉሙዝና የሽናሻ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ተጽፈው ወደ ክፍል የገቡት ዘግይተው ነው።

እስቲ አንድ የበርታ ልጅ እናስብ። ቤቱ በርትኛ ይናገራል። በገበያ ብዙ ሰው የሱዳን አረብኛ ያውቃል። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ አማርኛ ይናገራል። አማርኛውን ገና ሲያጠናክር ሳይንሱና ሒሳቡ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ለዚህ ልጅ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው አይደለም፤ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ከመጣው ተማሪ ጎን ሲቀመጥ ሁለቱም የሚይዙት አንድ ዓይነት ሀንድአውት ነው፤ የመጡበት መንገድ ርቀት ግን የተለያየ ነው።

በዚህ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከልና በካማሺ የነበረው ግጭት ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል፤ ትምህርት ቤቶችንም ዘግቷል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ እያሉ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች ያጡት የእንግሊዝኛው መሠረት የሚጣልበትን ጊዜ ነው።

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በአቅራቢያ ላሉ ልጆች የከፍተኛ ትምህርት ደጅ ቀርቧል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም ደጁ ቢቀርብም ገብቶ ለመማር የሚያስፈልገው የማንበብ አቅም ያው ነው። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ845 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ወስደው ያለፉት 41 በመቶ ያህሉ ናቸው። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ተፈታኙ ጥያቄዎቹን የሚያገኛቸው በእንግሊዝኛ ተጽፈው መሆኑን አንርሳ።

በገጹ ላይ የሚሆነው

ልጃችን ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ እያነበበ እንዴት ይወድቃል? ጥቂት ሒሳብ እንሥራ።

አንድ ምዕራፍ 30 ገጽ ቢሆን፣ በገጹም 400 ቃል ቢኖር፣ ጠቅላላው 12 ሺህ ቃል ነው። በደቂቃ 200 ቃል እየተረዳ የሚያነብ ተማሪ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። በየመስመሩ እየቆመ በደቂቃ 60 ቃል የሚያነበው ግን 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሳምንት ከአምስት ኮርሶች አንድ አንድ ምዕራፍ ቢታዘዝ የመጀመሪያው በ5 ሰዓት ሲገላገል ሁለተኛው ከ16 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። በትጋት ቢመዘኑ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ የሚወድቀውም እርሱ ነው።

ጊዜው ቢገኝ እንኳ ሌላ ችግር አለ። አእምሯችን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። ተማሪው ኃይሉን በሙሉ ቃል በመፍታት ከጨረሰው ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንባቢ ያለ ረዳት አንድን ጽሑፍ በደንብ እንዲረዳ ከመቶው ቃል 98ቱን ያህል ማወቅ እንዳለበት አሳይተዋል። ይህ ማለት 250 ቃል ባለው ገጽ ላይ የማያውቃቸው ቃላት ከ5 መብለጥ የለባቸውም። ከአሥር ቃል አንዱን የማያውቅ ተማሪ በዚያው ገጽ 25 ጊዜ ይደናቀፋል።

የሚያደናቅፈውም ረጅሙ የሳይንስ ቃል ብቻ አይደለም። እርሱንማ መምህሩ ያብራራዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጥሉት ትንንሾቹ ናቸው። «ሀውኤቨር»፣ «ኧንለስ»፣ «ዌርአዝ» የሚሉት ቃላት የሐሳቡን አቅጣጫ ያዞራሉ፤ ያለ እነርሱ አንባቢው በተቃራኒው ይረዳል። በምርጫ ጥያቄ ላይ «ኤክሴፕት» የሚለውን ያላስተዋለ ተማሪ መልሱን እያወቀ ይሳሳታል። ደግሞም የሚያውቃቸው የሚመስሉት ቃላት ትርጉም ይለውጡበታል። «ኢንተረስት» ፍላጎት ነው ብሎ የተማረ ልጅ በኢኮኖሚክስ ወለድ ሆኖ ያገኘዋል። «ካልቸር» ባህል ነው ያለው በባዮሎጂ የባክቴሪያ ማራቢያ ይሆንበታል። «ቴብል» ጠረጴዛ መሆኑ ቀርቶ የቁጥር ሰንጠረዥ ይሆናል።

ይህንን ሁሉ የማይችለው ልጅ ምን ያደርጋል? ይሸመድዳል። ሽምደዳ ስንፍና አይደለም፤ መረዳት ያቃተው ትጉህ ሰው የሚሸሸግበት ጉድጓድ ነው። እስከ 12ኛ ክፍል በመጠኑ ያስኬዳል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርስና ምዕራፉ ሲበዛ ግን ጉድጓዱ ይሞላል።

ሁሉንም በእንግሊዝኛ አናሳብብ

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። በጥሩ የሚያነብ ሁሉ አያልፍም፤ የሚወድቅም ሁሉ ማንበብ ስላልቻለ አይደለም። የኪስ ገንዘብ ማጣት፣ ናፍቆት፣ ሕመም፣ የሒሳብ መሠረት መላላት፣ መጥፎ ጓደኝነትም አለ። ጫት የጀመረ ልጅ የለም አልልም። የምለው ይህ ነው፤ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። አንዲት አንቀጽ አስነብቡና በራሱ ቋንቋ እንዲነግራችሁ አድርጉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ያ ቤተሰብ ግን አሥር ደቂቃ በማጣት ሁለት ወር ተኳርፏል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህንን ያነበቡ አንዳንድ ወላጆች፣ «እንግዲያው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ እናናግረው» ይሉ ይሆናል። አይሆንም! ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 ባስጠናው ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል አገር አቀፍ ምዘና በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንደነበራቸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል በሚማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከእንግሊዝኛው በፊት ነው ማለት ነው። ማንበብን በሽናሽኛ ወይም በአማርኛ በሚገባ የለመደ ልጅ የማንበብን ጥበብ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል፤ በራሱ ቋንቋ ያልለመደው ግን ሁለት ሸክም ይሸከማል። ልጆቻችሁን በምታውቁት ቋንቋ አጫውቷቸው፤ ተረት ንገሯቸው፤ አንብቡላቸው።

ቤታችን ምን ማድረግ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ1980 በፊጂ ደሴቶች ገጠር ኤሊ እና ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አደረጉ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ለየክፍሉ 250 ደስ የሚሉ የታሪክ መጻሕፍት ሰጧቸው። ከስምንት ወር በኋላ ሲመዘኑ በንባብ ያሳዩት እድገት መጻሕፍቱን ካላገኙት እጥፍ ሆነ። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ የሚገባቸውንና የሚወዱትን ነገር ብዙ ጊዜ አነበቡ። ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅም በዚሁ መንገድ ይጠገናል። እነሆ በቤት የሚሠራ፦

1ኛ/ ከአቅሙ በሚመጥን ይጀምር። አንድ ገጽ ይክፈትና የማያውቃቸውን ቃላት ይቁጠር። ከአምስት ከበለጡ መጽሐፉ ለጊዜው ከበደው ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂ ከከበደ የ9ኛ ክፍሉን ያንብብ፤ እርሱም ከከበደ ወደ 7ኛው ይውረድ። ወደ ታች መውረድ ውርደት አይደለም፤ ግድግዳ የሚሠራ ሰው ከመሠረት ይጀምራል።

2ኛ/ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያንብብ። ቅዳሜ አምስት ሰዓት አንብቦ ሳምንቱን ከሚተው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚያነበው ይሻላል። በዚህ ሰዓት ስልክ ይራቅ፤ ቴሌቪዥን ይዘጋ።

3ኛ/ የሚያውቀውን ታሪክ በማያውቀው ቋንቋ ያንብብ። የአማኝ ቤተሰብ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። የጠፋውን ልጅ ታሪክ ልጃችሁ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀዋል። አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ በግራ፣ እንግሊዝኛውን በቀኝ ዘርግቶ ቢያነብ ታሪኩ ራሱ ቃላቱን ይተረጉምለታል። ነገር ግን የእንግሊዝኛውን ትርጉም ምረጡ። ኪንግ ጀምስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመ ነው፤ ቋንቋው ያማረ ቢሆንም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚጻፈው እንግሊዝኛ አይደለም። ጉድ ኒውስ ባይብል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ተሟልቶ የታተመው፣ ታስቦ በቀላል የዘመኑ ቋንቋ የተዘጋጀ ስለሆነ ለጀማሪ ይሻላል።

4ኛ/ የቃላት ደብተር ይያዝ። አቭሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 በየትምህርት ዓይነቱ መጻሕፍት የሚደጋገሙ 570 የቃላት ቤተሰቦችን ሰብስባ አውጥታለች። «አሱም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ኮንሲስት» የመሳሰሉት እዚያ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ቃላት በዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ውስጥ ከአሥር ቃል አንዱን ያህል ይሸፍናሉ። በሳምንት አሥር አሥር ቢያጠና በ57 ሳምንት ይጨርሳቸዋል። ቃሉን ብቻውን አይጻፍ፤ ያገኘበትን ዐረፍተ ነገር አብሮ ይጻፍ።

5ኛ/ ስልኩ ሁለተኛ ይምጣ። ዛሬ ስልካችን አንድን ገጽ በሰከንድ ይተረጉምልናል። መልካም ነው፤ ግን የሚፈተነው ስልኩ አይደለም። አስቀድሞ ራሱ ይሞክር፣ ምን እንደገባው ይጻፍ፣ ከዚያ በስልኩ ያመሳክር።

6ኛ/ ከሁሉ በላይ፣ ያነበበውን መጽሐፉን ዘግቶ ለሰው ይንገር። ይህ የእናትና የአባት ድርሻ ነው። «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ምን ልረዳው?» አትበሉ። ለዚህ ሥራ አለማወቃችሁ ይጠቅማል! እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ልጁ የጎደለውን ራሱ ይሞላለታል። የማያውቅ ሰው ግን ካልገባው «አልገባኝም፤ ድገመው» ይላል። ልጁ የሕዋስን አሠራር በአንደበታችሁ አብራርቶ እናንተን ካስረዳ ገብቶታል። ካቃተው ተመልሶ ያንብብ።

አብያተ ክርስቲያናትም ለዚህ አዲስ አይደሉም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1962 ተጀምሮ በገጠር ስንቱን ሰው ፊደል አስቆጥሯል። አባቶቻችን በአዳራሻቸው ፊደል ካስቆጠሩ፣ እኛ በሳምንት አንድ ማታ አዳራሹን ከፍተን፣ መብራት አብርተን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችንን ከመምህራን ምእመናን ጋር ማስቀመጥ አያቅተንም። ተማሪዎችም በየዩኒቨርሲቲያችሁ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ካለ ፈልጉት፤ ደጁን ለማንኳኳት አትፈሩ።

ለባልና ለሚስት

ይህ ጉዳይ የልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ጉባኤ ላይ ቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ የምትማር አንዲት እኅት ነበረች። ባሏ በእንግዶች ፊት፣ «የእኛ ቤት ፈረንጅ እንግሊዝኛ ታናግራችሁ» እያለ ይቀልድባታል። እርሱ ጨዋታ መስሎታል። እርሷ ግን ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ መጽሐፍ መክፈት ትታለች፤ ልጆቹ ሲተኙ በወጥ ቤት ተደብቃ ታነባለች። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህን እየደበቀች እንድታነብ ያደረጋት ቀልድህ መሆኑን ታውቃለህ? አንቺም እኅቴ፣ ባልሽ ያልገባውን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» ብለሽው ይሆን? «አልገባኝም» ማለት በቤታችን የሚያሳፍር ከሆነ ልጆቻችን በሌላ ቦታ ሊሉት አይችሉም። ጃንደረባው ያለማፈሩ ምክንያት አንድም አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የማያሳፍር ስለነበር ነው።

ከአሶሳ ከተመለስኩ ከወራት በኋላ ለዚያ ቤተሰብ ስልክ ደወልኩ። አባትየው አነሳ። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ አባትና ልጅ አንድ ገጽ አብረው ያነባሉ። ከዚያ ልጁ ለእናቱ በሽናሽኛ ይነግራታል። እናትየው ከ4ኛ ክፍል በላይ አልተማረችም፤ ነገር ግን ባልየው፣ «ጋሼ፣ እርሷን የሚያልፍ ጥያቄ የለም!» ብሎ ሳቀ። ልጁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመመለስ የሪአድሚሽን ማመልከቻ አስገብቷል። መልሱ ገና አልመጣም። ቢመለስም ወደፊት ምን እንደሚሆን አናውቅም፤ የ12 ዓመት ጉድለት በጥቂት ወር ማታ አይሞላም።

«አንተስ? ደብዳቤውን እንዴት አደረግከው?» አልኩት።

«አሁን ካልገባኝ አልገባኝም እላለሁ» አለኝ። «የሚያስረዳኝ ልጄ ነው።»

የተወደዳችሁ፣ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ ከልጃችሁ ወይም ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር አንድ ገጽ ግለጡ። ያንብብ፤ ያንብብና ይዝጋው። ከዚያም ሳትቆጡና ሳትስቁ፣ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!